በገዛ ዘፈኔ የኮፒራይት ክሌም (የባለቤትነት ጥያቄ) መጣብኝ፣ እርዱኝ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከደብረ ብርሃን ነው። ማሲንቆ እጫወታለሁ፤ የመንዝ ሽለላን ከቢት ጋር አዋህጄ አንድ ነጠላ ዜማ ሠራሁ። ቲክቶክ ላይ 15 ሰከንዱን ስለቀው ጎረቤት ሳይቀር ያንጎራጉረዋል፣ ሙሉውን ልስማ ብሎ ወደ ዩቲዩብ የሚመጣ ግን የለም። ሊንኩ ባዮዬ ላይ አለ። ሌላ ምን ላድርግ?

ዋናው ጣጣዬ ግን ይሄ ነው። ዘፈኑን ስፖቲፋይ ላይ እንዲያወጣልኝ ለአንድ አከፋፋይ ሰጥቼ ነበር፤ ለካ ኮንቴንት አይዲ (ዘፈኑ ያለበትን የዩቲዩብ ቪዲዮ በራሱ እየለየ ክሌም የሚያደርግ ሥርዓት) የሚለውንም ሳላነብ ምልክት አድርጌበት ኖሯል፣ አሁን በራሴ ቻናል ስጭነው ክሌም መጣ። ዲስፒዩት ላድርግ (ክሌሙን ልቃወም) ወይስ አከፋፋዩ ቻናሌን ነፃ እንዲያደርግልኝ ልጠብቅ? ኢሜይል ከላክሁ 3 ሳምንቴ፣ ዝም ጭጭ። በዚህ ብርድ ጣቴ ደርቆ ከሻይ ቤት ዋይፋይ ነው የምጽፈው፣ የደረሰባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ በናታችሁ።