የአባቴ ፕሮስቴት ካንሰር ለመርፌው እምቢ አለ፤ ቀጥሎ ምን አለ?

ጠያቂ (ኮዬ ፈጬ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ካንሰሩ አጥንት ገብቷል። በየሦስት ወሩ የሆርሞን መርፌ ይወጋሉ። መጀመሪያ ፒኤስኤው (ካንሰሩን የሚከታተሉበት የደም ምርመራ) ቁልቁል ወርዶ ነበር፤ አሁን በየምርመራው ይጨምራል። ወገባቸውንም ያማቸዋል። ጎረቤት ሁሉ «ህንድ ውሰዷቸው» ይላል። ቤት እንሽጥ እንዴ? አዲስ ሕክምና ካለ ንገሩኝ።

ነርሷ ከገላን፦ እህቴ፣ ቤቱን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ቴስቶስትሮን፣ የወንድ ሆርሞኑ፣ ይለካላቸው። ከ50 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ሆኖ ፒኤስኤው ከጨመረ ነው ካንሰሩ መርፌውን ተላመደ የሚባለው። መርፌ የዘለለ ሰውም ፒኤስኤው ይጨምራል። ደግሞ «አልሠራም» ብላችሁ መርፌውን እንዳታቆሙ። ሌላው መድኃኒት የሚሰጠው በላዩ ነው። እግራቸው ከዛለ ወይም ሽንት እምቢ ካላቸው ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል!

ፋርማሲስቱ፦ ሐኪሙን ስለ አቢራቴሮን ጠይቂው። መርፌው የሚያቆመው የዘር ፍሬ የሚሠራውን ሆርሞን ነው። ኩላሊት ላይ ያለው አድሬናል ዕጢና ካንሰሩ ራሱም ሆርሞኑን ይሠራሉ፤ አቢራቴሮን ያንን ይዘጋል። ከ2019 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ፣ የህንድ ጀነሪክም (በሌላ ፋብሪካ የተሠራ ያው መድኃኒት) አለው። የተለመደው በቀን አንዴ 1000 ሚሊግራም፣ በባዶ ሆድ፣ ፕሬድኒሶሎን ከተባለው ስቴሮይድ ጋር ነው። ደም ግፊትና የደም ፖታሲየም ይለካል። ሆርሞኑ ካንሰሩን እንዳያሳድግ የሚያግድ ኤንዛሉታሚድም አለ፤ ግን አንዱ እምቢ ካለ ሌላው ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይረዳም። ያኔ በየ21 ቀኑ የሚሰጠው ኬሞ፣ ዶሲታክሰል፣ ይሻላል።

ስደተኛው፦ አዲስ የሚባለው ሉቴሺየም 177 የተባለው ጨረር ያለው መድኃኒት ነው፤ አሜሪካ በ2022 ፈቅዳዋለች። ካንሰሩ ላይ ያለውን ፒኤስኤምኤ የተባለ ፕሮቲን ፈልጎ ይጣበቅና እዚያው ጨረር ይለቃል። ግን ይህን ፕሮቲን በሚያሳየው ምስል፣ በፒኤስኤምኤ ፔት ስካን፣ ካንሰሩ ካልበራ ለእሳቸው አይሆንም። ኦላፓሪብ የተባለው ክኒን ደግሞ ብራካ (BRCA) የሚባል ጂን የተበላሸባቸውን ነው የሚረዳው። ያለ ምርመራ ቲኬት መቁረጥ ገንዘብ መበተን ነው።

አስታማሚ (ቱሉ ዲምቱ)፦ ኬሞ ከጀመሩ ትኩሳት መለኪያ ግዙ። 38 ከገባ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት። ለወገባቸው ደግሞ አጥንቱ ላይ ጨረር ይሰጣል፣ ህመሙን ያስታግሳል። ሚኒባስ ላይ ጋቢና አስቀምጫቸው። ኋላ ወንበር ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ አጥንት ድረስ ይሰማል።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ስኳርም አለባቸው፤ ፕሬድኒሶሎኑ ችግር አለው?

ፋርማሲስቱ፦ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው፣ ቤትም ለኩላቸው። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።