ጀግናችን ታሪክ አለቀበት

ጅማ ሆኜ የኮሚክ ታሪክ እጽፋለሁ፣ ጓደኛዬ ይስላል። ቴሌግራም ላይ እንለቀዋለን። ጀግናችን ነጎዴ ይባላል፤ ዝናብ ሲዘንብ ኃይሉ ይጨምራል። የጅማን ክረምት የምታውቁ ችግሩ ወዲያው ይገባችኋል። የሚችለው የለም!

መጀመሪያ ጠላቶቹን አገዘፍኳቸው። ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ሳይቀር ደበደባቸው። ከዚያ አዲስ አበባ ላክሁት፤ አንባቢዎች «ሌላ ሰው ሆነብን» አሉ። ቢቸግረኝ ገደልኩት። ማንም አልደነገጠም። አልፈርድባቸውም፤ ሱፐርማንን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1992 ገድለው በ1993 መልሰውታል።

ሱፐርማን እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ያለ ጀግና ነው፣ ግን ዛሬም ይጻፍለታል። ኃይሉን የሚያሳጣው ድንጋይ፣ ክሪፕቶናይት፣ የመጣው በ1943 ከሬዲዮ ድራማው ነው፤ ኮሚኩ ውስጥ የገባው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1996 ደግሞ ፍቅረኛውን ሎይስ ሌንን አገባ። እኔም ይህን አይቼ ለነጎዴ ድክመት ሰጠሁት፦ በጋ ላይ አቅም ያጣል። ጥሩ ሄዶ ነበር። ግን ቀስ በቀስ ሁሉም ክፍል ዝናብ መጠበቅ ሆነ።

ያልነካሁት አንድ ነገር እናቱ ናት። ጅማ መርካቶ ቡና ትሸጣለች፣ ምስጢሩን አታውቅም። ብነግራት ጥሩ ታሪክ ይወጣዋል፤ ግን አንዴ ካወቀች በኋላ መመለሻ የለውም፣ እሱ ካለቀ ደግሞ ምን ቀረኝ?

ረጅም ተከታታይ ታሪክ የጻፋችሁ፣ የጀግናውን ባህርይ ሳትቀይሩ አዲስ ታሪክ የምታወጡት ከየት ነው?