የጋራ ፎልደር ውስጥ አንዱ የፈጠረውን ፋይል ሌላው ማረም አልቻለም

ሰላም ወገኖች፣ እስኪ እርዱኝ። ቱሉ ዲምቱ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ዴቢያን 12 (የሊኑክስ ሲስተም) ላይ በየራሳችን አካውንት ገብተን አንድ ፎልደር እንጋራለን። ፎልደሩን በሲኤችሞድ (ፈቃድ መቀየሪያ ትእዛዝ) 2770 አድርጌዋለሁ፤ ይኸውም ለባለቤቱና ለግሩፑ ብቻ ክፍት ነው። አዲስ ፋይል ግሩፑን በትክክል ይወርሳል። ፈቃዱ ግን 644 ሆኖ ይወጣል፤ ማለትም ከባለቤቱ በቀር ሌላው ማንበብ እንጂ ማረም አይችልም። ባልደረባዬ የጻፈችውን ማመልከቻ ከፍቼ አነበዋለሁ፤ አንድ ፊደል ላርም ስል እምቢ ይላል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ በጣም ያስጨንቃል።

ተርሚናል ላይ ዩማስክ (አዲስ ፋይል ሲፈጠር የትኛው ፈቃድ እንደሚቀነስ የሚወስን ቅንብር) 002 ስሰጠው አዲሱ ፋይል 664 ይሆናል፤ ግሩፑም ማረም ይችላል። ከሊብሬኦፊስ (የምንጽፍበት ፕሮግራም) ሲቀመጥ ግን ያው 644 ነው። እባካችሁ 777 (ለሁሉም ሰው ክፍት) አድርገው እንዳትሉኝ፤ የሰው መታወቂያ ቅጂ አለበት።

ዩማስኩን ለሁላችንም እንዲሠራ የት ላስገባው? ወይስ በሴትኤፍኤሲኤል (ዝርዝር ፈቃድ መስጫ ትእዛዝ) ለፎልደሩ ዲፎልት ፈቃድ መስጠት ይሻላል? ትእዛዙን ከነማብራሪያው ብትጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።