ጥቆማ፦ የአባቴን የሩሲያ ሳሞቫር ማን ይገምትልኝ?

የሳሪስ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ኪየቭ ተምሮ ሲመለስ ያመጣት የነሐስ ሳሞቫር (የሻይ ውሃ ማፍያ) አለችን። እዚያው ከውራጅ መሸጫ ነው የገዛት። በከሰል የምትሠራው ዓይነት ናት፤ መሃሏ ላይ የጭስ ቱቦ አላት። ሆዷ ላይ የሩሲያ ጽሑፍና ክብ ክብ ሜዳሊያዎች ተመትተውባታል። ቧንቧዋ ያንጠባጥባል፣ መልኳም ጠቁሯል። ዕድሜዋንና ዋጋዋን አውቆ የሚነግረኝ፣ ቧንቧዋንም የሚጠግን ጠቁሙኝ። ፒያሳ ልሂድ፣ ቸርችል ጎዳና ወይስ መርካቶ?

ማሚ ሲኤምሲ፦
ፒያሳ አንድ አንጥረኛ አባት አሉ። እኔ ከሳቸው ሌላ ማንንም አላምንም። የእናቴን ጉትቻ 20 ዓመት ሙሉ የጠገኑት እሳቸው ናቸው።

ዳዊት መ፦
ጉትቻና ሳሞቫርን ምን አገናኛቸው? ደግሞስ የትኛው ፒያሳ? ግማሹ ፈርሶ የለ እንዴ!

ማሚ ሲኤምሲ፦
ቦታ ቀይረዋል። ስልካቸውን በውስጥ መስመር እልክላታለሁ።

በረከት፦
እህቴ፣ እባክሽ ለማንም እንዳትሰጪ። የአጎቴን ሳሞቫር አንድ ቤት “እናጽዳልህ” ብለው ተቀበሉኝ። በማሽን ፈተጉት። ስመለስ እንደ መስታወት ያበራል፣ ማኅተሙ ግን የለም። ፊደሉም ሜዳሊያውም ሙልጭ ብሏል። አጎቴ ዐይኑ ከደከመ በኋላ ጽሑፉን በጣቱ እየዳሰሰ ነበር የሚያነበው። አሁን ሳሎን እንዲቀመጥ እንኳ አይፈልግም።

ሃና፦
ውይ! ልቤን ነው የነካኝ። የት ነው ቤቱ? ንገረን እንጂ።

በረከት፦
ስም አልጠራም። ሠራተኛውም ደስ ይለዋል ብሎ ነው ያደረገው።

ዳዊት መ፦
“ደስ ይለዋል ብሎ” ነው? ከቀጠለ የላሊበላን መስቀልም ፈትጎ ያስረክበናላ።

ሃና፦
ካሳ አልጠየቅክም? እኔ ብሆን ፖሊስ ጠርቼ ነበር።

አቤል፦
ለእኔም ምንጣፍ አጣቢዎች እንደዚሁ ነው ያደረጉኝ። የምንጣፉን ቀለም አንድ ላይ ቀላቀሉት።

የሚንስኩ ተማሪ፦
ልጄ፣ ወደ ሳሞቫርሽ እንመለስ። ሚንስክ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሁለት ሳሞቫር አለኝ። መጀመሪያ ጽሑፉን በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሺው። አብዛኞቹ የተሠሩት ከሞስኮ በስተደቡብ ባለችው በቱላ ከተማ ነው። የሊሲትሲን ወንድማማቾች በፈረንጆቹ 1778 እዚያ ሳሞቫር ይሠሩ ነበር። ሩሲያዎች “ወደ ቱላ ስትሄድ ሳሞቫርህን ይዘህ አትሂድ” ይላሉ።

አሁን የሠሪውን ስም የመጨረሻ ፊደል እዪልኝ። ሆዷ ወደ ቀኝ የተነፋ፣ አናቷ ላይ ወደ ግራ አጭር ጭራ ያላት ፊደል ካለች ጥሩ ምልክት ነው። ያቺ “ትቭዮርዲ ዝናክ” ትባላለች። በ1918 የፊደል ማሻሻያ ከቃል መጨረሻ ላይ ቀርታለች። ስለዚህ ካለች ሳሞቫርሽ ከሩሲያ አብዮት ዘመን የቀደመች ሳትሆን አትቀርም። “ጎስት” (የሶቭየት የምርት ደረጃ ምልክት) የሚል ጽሑፍ ካየሽ ደግሞ የሶቭየት ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ሥራ ናት።

ሜዳሊያዎቹ አያታሉሽ። ፋብሪካው በኤግዚቢሽን ያገኛቸው ሽልማቶች ናቸው። 1889 ከተጻፈ ሳሞቫሯ የተሠራችው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው፤ በዚያው ዓመት ማለት አይደለም። ባታሼቭ የሚለውን የታወቀ የሳሞቫር ሠሪ ስም ሲያዩ ብዙዎች ይጓጓሉ። ግን በዚያ ስም የሚሠሩ ፋብሪካዎች ከአንድ በላይ ነበሩ፣ ብዙም አምርተዋል። ዋጋውን የሚወስነው ቅርጹና ሙሉነቱ ነው። ቀጥ ያለ ቆርቆሮ የሚመስለው በየቦታው አለ። እንቁላል ወይም የአበባ ማስቀመጫ የሚመስለው ይወደዳል። ክዳኗ፣ አናቷ ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ የሚቀመጥበት ዘውድ፣ ከሥር ያለው ትሪ፣ ሁሉም አለ?

በሎሚና በአመድ እንዳታሺያት። ማግኔት አስጠጊባት፤ ገላዋ ላይ ከተጣበቀ ነሐስ አይደለችም። ውሃ ሳትሞዪ ከሰል አትጨምሪ፤ ብየዳው ይቀልጣል።

የሳሪስ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ፊደሏ አለች! ዘውዱም አለ፣ ትሪው ግን የለም። ቧንቧውንስ?

የሚንስኩ ተማሪ፦
ቧንቧውን ብቻ ነቅለሽ ውሰጂ፤ ሳሞቫሯ ቤት ትቅር። ብዙ ጊዜ የሚያንጠባጥበው መክፈቻው ስለሚበላ ነው። ጥሩ ቶርኖ ቤት ያስተካክለዋል። አዲስ ብየዳ ውሃ የሚነካው ቦታ ላይ ከሆነ እርሳስ የሌለበት ይሁን፤ ሻይ የምትጠጡበት ነውና።

ማሚ ሲኤምሲ፦
ቶርኖ ቤት ምን ያደርግላታል? የኔ አባት ባሉበት!

ሰላም ከቴል አቪቭ፦
ያፎ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሳሞቫር ሞልቷል። ሻጩ የሚጠራውን ዋጋ ግን እንዳታምኚ፤ ተከራክረሽ የምትገዢበትን ነው ማየት። ወደ ውጭ ልትልኪያት ካሰብሽ ደግሞ ቅርስ ባለሥልጣንን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ቦሌ ላይ አሮጌ ዕቃ ይያዛል።

ጌትሽ፦
ቸርችል ጎዳና አትሂጂ። እነሱ የሚያውቁት መስቀልና የብር ጌጥ ነው። ምናለሽ ተራ ከሆነ በኪሎ ነው የሚመዝኑልሽ።

የሚንስኩ ተማሪ፦
ቱላም ቢሆን ድሮ በክብደት ነበር የሚሸጠው። ያኔ ግን አዲስ ነበር።

አቤል፦
ይቅርታ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን አዲስ ሳሞቫር የት ላገኝ እችላለሁ? ለቤተሰብ የሚሆን፣ አምስት ሊትር አካባቢ።

ማሚ ሲኤምሲ፦
ውስጥ መስመር ግባ።