የእናቴን ዓይን መሳል አቃተኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴን ከቀበርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። የእድሩ ድንኳን ተነቅሎ፣ አርባዋም ካለፈ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ሸራ ወጥሬ እሷን መሳል ጀመርኩ። የሥዕል ትምህርት የለኝም፤ ልጅ ሆኜ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየሁ በእርሳስ እሞካክር ነበር።

ነጠላዋ፣ ጥለቱ፣ ጀበናውን የያዘው እጇ ወጥቶልኛል። እጇን ስስል አለቀስኩ፤ ከዚያ ቀለል አለኝ። ዓይኗ ጋ ስደርስ ግን እጄ ይታሰራል። አራት ጊዜ ስዬ አራት ጊዜ በነጭ ቀለም ሸፈንኩት። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው ነው በጎን በአንድ ዓይን የሚሳለው። ስለዚህ ፊቷን ወደ ጎን ማዞር አልፈልግም።

ያለኝ ፎቶ የመታወቂያዋ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ፊቷ ጭፍግግ ብሏል። ቀለሙ አክሪሊክ ስለሆነ ጥላውን ሳላዋህደው ይደርቅብኛል። ቀስ ብሎ ወደሚደርቀው የዘይት ቀለም ልቀይር? ዓይኗን ጨፍና ሳላት ያሉኝ አሉ፤ የከደንኩላት እኔው ስለሆንኩ ያንን ደግሜ ማየት አልችልም።

የሞተ ወላጁን የሳለ ሰው ካለ፣ ዓይኑን እንዴት እንደተወጣችሁት እባካችሁ ንገሩኝ። ለሙት ዓመቷ እንዲደርስልኝ ነው።