ራስቤሪዬ ቅጠል ብቻ ሆነ፤ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፣ አንድ ፍሬ አላየሁም

የሴንት ፖሏ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ቤት ስንገዛ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አሜሪካዊት እናት ከጓሯቸው ራስቤሪ የሚባለውን፣ ቀይ ፍሬ የሚሰጠውን ቁጥቋጦ ስድስት ችግኝ ነቅለው፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው አመጡልን። የእንኳን ደህና መጣችሁ ስጦታ መሆኑ ነው። በአጥሩ ጥግ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሚያገኘው በኩል ተከልኳቸው።

ሁሉም ጸደቁ። አሁን ኦገስት ላይ ከእኔ ቁመት አልፈዋል፤ ቅጠላቸውም ወፍራምና አረንጓዴ ነው። ፍሬ ግን የለም። አምናም አልነበረም። የጎረቤታችን ግን ጁላይ ሲገባ በሳህን ይለቀም ነበር። ከአንድ ሥር የመጣ ተክል እዚያ አፍርቶ እዚህ እንዴት ይመክናል?

የማደርገውን ልንገራችሁ። በሳምንት ሁለቴ አጠጣለሁ። ስፕሪንግ ላይ ፍግ አለብሰዋለሁ። ኦክቶበር ላይ በረዶ ሳይመጣ ጓሮውን በሙሉ አጸዳለሁ። ቃሪያውን እነቅላለሁ፣ የቀረውን ጎመን እለቅማለሁ፣ የራስቤሪውንም አገዳ ከመሬት እኩል እቆርጠዋለሁ። ስፕሪንግ ላይ እንደገና ራሱ ይበቅላል።

ጎረቤታችን ወደ ልጃቸው ቤት ስለተዛወሩ የምጠይቀው ሰው የለኝም። የሰባት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት በመጣች ቁጥር ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ አጥሩ ነው የምትሮጠው። ለእሷ ስል ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ነቅዬ ልጣለው ወይስ ተስፋ አለው?

የዳላሱ፦

እህቴ፣ እንዳይከፋሽ እንጂ አፈሩ የደከመ ይመስለኛል። ማዳበሪያ ጨምሪበት። ናይትሮጅኑ ከፍ ያለውን ግዢና በየሁለት ሳምንቱ ስጪው። እኔ ቲማቲሜን ያዳንኩት እንደዚያ ነው።

ጋሼ ብሉሚንግተን፦

ልጄ፣ እንዳትነቅዪው! ማዳበሪያም አትጨምሪበት። የዳላሱ ወንድሜ በቅንነት ነው የመከረሽ፤ ነገር ግን ናይትሮጅን የሚሰጥሽ ቅጠል ነው። ቅጠል ደግሞ ሞልቶሻል።

ፍሬሽን በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ በመቀስ እየቆረጥሽ ትጥይዋለሽ። እኔም ብሉሚንግተን በገባሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያደረግኩት ይህንኑ ስለነበር ደብዳቤሽን ሳነብ ሆዴ ነው የተላወሰው። ያኔ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የራስቤሪ ሥሩ ብዙ ዓመት ይኖራል። ከሥሩ የሚወጣው አገዳ ግን ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አረንጓዴ ሆኖ ያድጋል፣ ይረዝማል፣ አበባ የለውም። በረዶው ሥር ቆሞ ይከርምና በሁለተኛው ዓመት ቆዳው ቡናማ ይሆናል። ከጎን አጫጭር ቅርንጫፎች ያወጣል፤ እነሱ ላይ ያብባል፣ ያፈራል፣ ከዚያ ይሞታል። አንቺ ሁለተኛ ዓመቱን እንዲያይ ዕድል አልሰጠሽውም። በየስፕሪንጉ የምታዪው አዲስ አገዳ ነው፤ አዲስ አገዳ ደግሞ በዚህ ዓይነቱ ዝርያ አያፈራም።

"በዚህ ዓይነቱ" ያልኩት ሁለት ዓይነት ስላለ ነው። አንዱ የበጋው ነው፤ ጁላይ ላይ ባለፈው ዓመት አገዳ ላይ ያፈራል። ላተም የሚባለው ከዚህ ወገን ነው፤ እዚሁ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው የ1920 ዝርያ ሲሆን እኔም ጓሮ አለ። ሌላው የመኸሩ ነው፤ በዚያው ዓመት በበቀለው አገዳ ጫፍ ላይ ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ያፈራል። የመኸሩን በየስፕሪንጉ መጀመሪያ ከመሬት እኩል ብትቆርጪው ምንም አይሆንም። ምናልባት አንድ ሰው ስለዚያኛው የተናገረውን ሰምተሽ ይሆናል። የጎረቤትሽ ግን ጁላይ ላይ ካፈራ፣ የአንቺ ደግሞ ከመሬት ተቆርጦ ሁለት ዓመት ዝም ካለ፣ የበጋው ነው። ጥርጥር የለኝም።

ስለዚህ ዘንድሮ ኦክቶበር ሲመጣ መቀስሽን ቤት አስቀምጪ። አገዳው እንዳለ ይክረም። ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ፣ እንቡጡ ሳይፈነዳ፣ ውጪና ተመልከቺ። ቀጭን የሆነውን፣ የተሰበረውን፣ ከረድፉ ወጥቶ ሣር መሐል የበቀለውን አስወግጂ። በረድፉ ላይ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ አራት ወይም አምስት ወፍራም አገዳ ይበቃሻል። መቁረጡ እንደሚያሳሳ አውቃለሁ፤ ግን ተጨናንቆ ከቆመ አየር አያገኝም፣ ሻጋታ ይገባዋል። የቀረውን ጫፉን ብቻ ከርክመሽ ከአንድ ሜትር ተኩል አታሳልፊው። ግራና ቀኝ እንጨት ተክለሽ ሽቦ ወጥሪለት፤ ፍሬ ሲይዝ ይጎብጣል።

ውሃውን በሳምንት በድምሩ ከ2.5 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ዝናብ የሚያክል አድርጊው። ቅጠሉ ላይ አታፍስሺ፤ ከሥሩ አጠጪው። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ መቆፈሪያ ይዘሽ አትጠጊው፤ አረሙን በእጅ ልቀሚና የእንጨት ፍቅፋቂ አልብሺው። ፍጉ በስፕሪንግ ብቻ ይበቃል። ኦገስት ላይ ከሰጠሽው ለጋ ቡቃያ ያወጣና ውርጭ ይመታዋል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፦ ጥንቸል! እዚህ አገር በብርዱ ወራት የሚበላ ሲጠፋ የአገዳውን ቆዳ ይልጠዋል፤ አንዳንዱን እንደ ቢላ ነው የሚቆርጠው። እስከ ዛሬ አገዳ አላቆየሽለትም፤ ዘንድሮ ግን ይመጣል። ዙሪያውን የዶሮ ሽቦ አጥሪ። ስትለኪ በረዶውን አስቢ፤ በረዶው ግማሽ ሜትር ከተቆለለ ጥንቸሉ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

የሴንት ፖሏ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ወዲያው ወጥቼ አየሁ፤ እውነትም ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ አንድም ቡናማ አገዳ የለም። በገዛ እጄ እንደሆነ ሳውቅ አዘንኩ፤ ግን ተክሉ ጤነኛ መሆኑ ደስ አለኝ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ረድፉን ወደ ቃሪያው መደብ ላስረዝመው አስቤ ነበር። አፈሩ እዚያ ጥሩ ነው። ምን ይሉኛል?

ጋሼ ብሉሚንግተን፦

እዚያስ ይቅርብሽ። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ ደበርጃን የነበሩበት አፈር ቬርቲሲሊየም የሚባል ፈንገስ ሊይዝ ይችላል። እነሱ ባይታመሙ እንኳ ራስቤሪውን ከሥሩ ያጠወልገዋል፣ አፈር ውስጥም ብዙ ዓመት ይቆያል። ቢያንስ አራት ዓመት ከነሱ ያረፈ ቦታ ፈልጊ። ጎመኑ የነበረበት ይሻልሻል።

የሲያትሏ፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ውሃ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እኔን ያከሰረኝ እሱ ነው። እኛ ጋ ብርዱ ለዘብ ያለ ነው፤ ዝናቡ ግን ከኖቬምበር ጀምሮ አያቆምም። አፈሬ ሸክላ ነው። አሥራ ሁለት ችግኝ ተክዬ በሁለተኛው ዓመት ጁን ላይ፣ ፍሬው ሊቀላ ሲል፣ ዘጠኙ ከጫፋቸው ጀምረው ደረቁ። ውሃ ያነሳቸው መስሎኝ ይበልጥ አጠጣኋቸው። ስነቅላቸው ሥራቸው ቀይ ቡናማ ሆኖ በስብሷል። ውሃ ተኝቶበት ነው።

አሁን አፈሩን 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ፣ ብስባሽ ቀላቅዬ ነው የምተክለው። የሴንት ፖሏ እህቴ፣ ዝናብ ሲጥል ወጥተሽ እዪው። ከዝናቡ በኋላ ግማሽ ቀን ኩሬ የሚሠራ ቦታ ከሆነ አትትከይበት። ችግኝ ስትጨምሪም ከታመነ መሸጫ፣ ከቫይረስ ነጻ የተባለውን ግዢ። የጎረቤትሽ ጤነኛ ስለነበር ነው እንጂ ከጓሮ ጓሮ የሚዞር ችግኝ በሽታም ይዞ ይዞራል።

የደብረ ብርሃኑ ልጅ፦

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ይህ ራስቤሪ የምትሉት ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ ከቁጥቋጦ የምንለቅመው እንጆሪ ነው? እሾሁ እጃችንን እየቧጨረው የምንበላው? እዚህ ሱቅ ውስጥ እንጆሪ ብዬ ስጠይቅ ስትሮበሪ ነው የሚሰጡኝ።

ጋሼ ብሉሚንግተን፦

ከርዕሱ አልወጣህም ወንድሜ። የደጋው የጫካ እንጆሪ የራስቤሪና የብላክቤሪ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሩበስ የሚባል አንድ ወገን ናቸው። ስትሮበሪ ግን ሌላ ተክል ነው፤ ከመሬት ብዙም አይነሳም። እኛ ሁለቱንም እንጆሪ ስለምንል ነው ግራ የሚገባን። እኔም የመጀመሪያውን ራስቤሪ ስቀምስ ያ የልጅነቱ እሾህ ነው ትዝ ያለኝ።

የዴንቨሯ፦

የኔ ፍሬው ሞልቷል፤ ግን ሴፕቴምበር ላይ ስለቅመው ውስጡ ጥቃቅን ነጭ ትል አለ። ምንድነው የማደርገው?

ጋሼ ብሉሚንግተን፦

ከእስያ የመጣች ስፖትድ ዊንግ ድሮሶፊላ የምትባል ትንሽ ዝንብ ናት፤ ትሉ የእሷ ነው። ካሊፎርኒያ በ2008 ታየች፣ እኛ ጋ በ2012 ደረሰች። የተለመደችው የፍራፍሬ ዝንብ የበሰበሰ ነው የምትፈልገው፤ ይህቺ ግን እንቁላል መጣያዋ እንደ መጋዝ ጥርስ ስላለው ገና እየቀላ ያለውን ፍሬ ወግታ ትገባለች። የመኸሩ ራስቤሪ ላይ የምትበረታው ደግሞ እስከዚያ ተራብታ ስለምትበዛ ነው። የበጋው ብዙውን ጊዜ ቀድሟት ይለቀማል።

እኔ መርዝ አልረጭም። በየሁለት ቀኑ እለቅማለሁ፣ የበሰለ ፍሬ አላሳድርም። መሬት የወደቀውን ሰብስቤ በላስቲክ ከረጢት አስሬ ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ አልቀብረውም። የለቀምኩትን ወዲያው ፍሪጅ አስገባለሁ፣ የሚተርፈውን ፍሪዘር። ሳታጥቢው አስገቢው፤ ከታጠበ ይፈርሳል። መረብ ለማልበስ ካሰብሽ ቀዳዳው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ይሁን፤ አበባው ላይ ግን ንብ እንድትገባ ክፍት ተዪው፣ መረቡን ፍሬ ከያዘ በኋላ አልብሺው።

የሴንት ፖሏ (ከአሥራ አንድ ወር በኋላ)፦

ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ።

ኦክቶበር ላይ አልቆረጥኩም። ባለቤቴ "ይህ ደረቅ እንጨት ምን ይሠራል?" ብሎ አንድ ቀን መቀስ ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ከበር መለስኩት። የዶሮ ሽቦውን አጠርኩ፤ በአንድ ጥግ ግን ዝቅ ብሎ ኖሮ እዚያ በኩል ያሉትን ሦስት አገዳዎች ጥንቸል ልጧቸዋል። የቀሩት ደኅና ከረሙ። ኤፕሪል ላይ አሳሳኋቸው። ሜይ ላይ ከቡናማው አገዳ ጎን ለጎን ቡቃያ ወጣ። ጁን ላይ ንቡ ጠዋት ከእኔ በፊት እዚያ ነበር።

ጁላይ 6 ልጄ ጮኸች። ስወጣ በመዳፏ አራት ፍሬ ይዛለች። ሲበስል ነካ ሲያደርጉት ይወልቃል፣ ነጩ እምብርቱ ተክሉ ላይ ይቀራል፤ ይህን ራሷ ናት ያገኘችው። አሁን የማይወልቀውን "ገና ነው" እያለች ታልፈዋለች። እስከ ትናንት ስድስት ሳህን ለቅመናል። አንዱን ለጎረቤታችን በልጃቸው ቤት አድርሰን መጣን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ያፈሩት ቡናማ አገዳዎች ቅጠላቸው መድረቅ ጀምሯል። አሁን ልቁረጣቸው ወይስ ኦክቶበርን ልጠብቅ?

ጋሼ ብሉሚንግተን፦

እልል ብያለሁ ልጄ! ከነሱ ላይ የመጨረሻውን ፍሬ ስትለቅሚ ያን ቀን ቁረጫቸው፣ ከመሬት እኩል። ኦክቶበርን አትጠብቂ፤ በሽታ የሚያድረው በሞተው አገዳ ላይ ነው፣ ለአዲሶቹም ብርሃን ይከፈትላቸዋል። የቆረጥሽውን ከጓሮው አውጪው። ከመቁረጥሽ በፊት ግን ቡናማዎቹን አንድ በአንድ ቀይ ክር እሰሪባቸው፣ ለባለቤትሽም አሳዪው።