አይአይኤስ በምን ላይ ይንጠለጠላል? ሬጂስትሪን ከመጫኑ በፊትና በኋላ ማወዳደር

ሰርቨር_ጠባቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 10 ባለበት ቨርቹዋል ማሽን ላይ፣ አይአይኤስ (የማይክሮሶፍት ዌብ ሰርቨር) ከመጫኑ በፊትና በኋላ፣ በሬግሾት (ሬጂስትሪን የሚያወዳድር ፕሮግራም) የሬጂስትሪውን፣ ማለትም የዊንዶውስ ቅንብሮች የሚቀመጡበትን ዳታቤዝ፣ ስናፕሾት አንስቼ አወዳደርኩ። የምፈልገው የትኞቹን የሲስተሙን ክፍሎች እንደሚጠቀም ማወቅ ነው። የወጣው ግን በሺህ የሚቆጠር መስመር ነው፤ የሰርቪሶቹ (ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ደግሞ ሁለት ሁለቴ ይመጣሉ። ከየት ልጀምር?

ሄክስ_አንባቢ፦
የሚደገመው ከረንትኮንትሮልሴት የሚባለው ቁልፍ (የሬጂስትሪ ፎልደር) የራሱ ዳታ የሌለው ሊንክ ስለሆነ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወደ ኮንትሮልሴት001 ነው የሚጠቁመው። አንዱን ጣለው።

ገለባውን ለማበጠር፣ ከመጫንህ በፊት ማሽኑን ሪስታርት አድርገህ 10 ደቂቃ ያህል ተወው፤ ከዚያ ምንም ሳትነካ በመሃል ጥቂት ደቂቃ እየሰጠህ ሁለት ስናፕሾት አንሳ። በሁለቱ መካከል የተለወጠው (ዩዘርአሲስትና ባም የሚባሉት የፕሮግራም አጠቃቀም መዝገቦች፣ የሰዓት ምልክቶች) ዊንዶውስ ለራሱ የሚጽፈው ነውና ከዋናው ልዩነት ላይ ቀንሰው። ከጫንክ በኋላም ሪስታርት ሳታደርግ አታንሳ፤ የዊንዶውስ ክፍሎችን የሚጭነው ሰርቪስ፣ ትረስትድኢንስቶለር፣ አንዳንዱን ሥራ የሚጨርሰው ማሽኑ ሲነሳ ነው።

አሁን ሰርቪስስ በሚለው ቁልፍ ሥር ደብልዩ3ኤስቪሲን (የአይአይኤስ የዌብ ሰርቪስ) ክፈትና ዲፔንድኦንሰርቪስን (የሚፈልጋቸው ሰርቪሶች ዝርዝር) እይ። ወደ ሬግ ፋይል ኤክስፖርት ካደረግከው እንዲህ ይመጣል፦
57,00,41,00,53,00,00,00,48,00,54,00,54,00,50,00,00,00,00,00
እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ዋስ (የአይአይኤስን የሥራ ፕሮሰሶች የሚያስነሳው ሰርቪስ)፣ ቀጣዮቹ አራቱ ኤችቲቲፒ ናቸው። ዋስን ስትከፍት ደግሞ አርፒሲኤስኤስን (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚጠራሩበት የዊንዶውስ ሰርቪስ) ታገኛለህ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ኤችቲቲፒ የከርነል (የዊንዶውስ እምብርት) ድራይቨር ነው፣ አይአይኤስ ሳይመጣም ነበረ። ስለዚህ ቁልፉ አዲስ ሆኖ አይወጣም፤ የሚታየው ወደ እሱ የሚጠቁመው ስም ብቻ ነው። የፕሪንት ስፑለር (የህትመት) ሰርቪስም ይኸንኑ ድራይቨር ይፈልጋል፣ “የዌብ ሰርቨር ነገር ነው” ብለህ እንዳታጠፋው።

ሰማያዊ_ስክሪን፦
አንድ ልጨምር። ስናፕሾት የተጻፈውን እንጂ የተነበበውን አያሳይም፤ ጥገኝነት ደግሞ አብዛኛው በማንበብ ነው። በልዩነቱ አጠራጣሪ ቁልፎችን ለይተህ፣ ሰርቪሱ ሲነሳ በፕሮሰስ ሞኒተር (ፕሮግራሞች የሚያነቡትንና የሚጽፉትን የሚያሳይ መሣሪያ) ማን እንደሚያነባቸው ተመልከት። “ኔም ኖት ፋውንድ” (ስሙ አልተገኘም) ሲበዛ አትደንግጥ፣ ፕሮግራሞች የሌለ ቁልፍ መጠየቅ ልማዳቸው ነው።

ሬግሾትህስ ባለ 64 ቢቱ ነው? ባለ 32 ቢቱ ሶፍትዌር የሚለውን ቁልፍ ሲያነብ ዊንዶውስ ወደ ዋው6432ኖድ (ለባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች የተለየ ቁልፍ) ይመራዋል፤ ብዙ የኮም (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው ክፍሎች) ምዝገባ ሳታየው ያልፍሃል።

ሰርቨር_ጠባቂ፦
ባለ 32 ቢቱ ነበር፣ እንደገና አነሳለሁ። ኮምፖነንትስ የሚባለው ሃይቭ (በራሱ ፋይል የሚቀመጥ የሬጂስትሪ ክፍል) ግን ጭራሽ የለም፤ ለምን?

ሄክስ_አንባቢ፦
የሚጫነው ዝመና ወይም ፊቸር ሲስተናገድ ብቻ ነው። ቨርቹዋል ማሽኑን አጥፋ፣ ዲስኩን ሌላ ማሽን ላይ ሰካ፣ ከሲስተም32 ኮንፊግ ፎልደር ፋይሉን ከሎግ ፋይሎቹ ጋር ቅዳና ቅጂውን በሬጂስትሪ ኤዲተር “ሎድ ሃይቭ” ክፈት። ሲስተም ሃይቭንም እንዲሁ ከከፈትክ ከረንትኮንትሮልሴትን አታገኘውም፣ የሚፈጠረው ማሽኑ ሲነሳ ነው፤ የትኛው ኮንትሮልሴት እንደሆነ ለማወቅ ሴሌክት በሚለው ቁልፍ ሥር “ከረንት” የሚለውን ቁጥር ተከተል።